በሐኪም ቤት ይመለሳል

አባቴ ሰው የሚቆርጥ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ከመሬት ተነሥቼ አላሰብኩትም፤ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። አባቴ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የነጋዴውን ገቢ ይገምታል። እጄን ይዞኝ በገበያው መንገድ ስናልፍ ፀጉር አስተካካዩም፣ ጫማ ሻጩም፣ ወንበር ጠጋኙም ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉትና ገና ጀርባውን ሲሰጣቸው፣ "ይኸው ቆራጩ መጣ፤ ዘንድሮ ደግሞ ከምናችን ሊቆርጥ ይሆን?" ይባባላሉ። እቤትም ወሬው ያው ነው። ከዚህ ይቆረጣል፤ ከዚያ ተቆረጠ፤ ከእገሌ መቆረጥ ሲገባው ሳይቆረጥ ቀረ። አንድ ቀን እጁን ሲታጠብ ቦርሳውን ከፍቼ መቀሱን ፈለግኩ። ያገኘሁት በመሐረብ የተጠቀለለ የብርቱካን ልጣጭ ነው፤ መንገድ ላይ ቆሻሻ መጣል አይወድም ነበር። መቀሱን መሥሪያ ቤት ቆልፎበት ይመጣል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ግራ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ አገር የሚፈራው ሰው የእኔን ጥፍር ሲቆርጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነው። በዚያ ዓመት እናቴ ሆድ ውስጥ ወንድም ነበረኝ። ወንድ መሆኑን የወሰንኩት እኔው ነኝ፤ እህት አላሰኘኝም። እናቴ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ የተማሪ ደብተር እያረመች፣ "ነይ ቶሎ፣ ነቅቷል!" ትለኛለች። እጄን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ "ስንቴ ረገጠ?" ትላለች። ቆጥሬ እነግራታለሁ። "ጎበዝ! ሁለት ቢጨምርስ?" እያለች እኔንም እሱንም አንድ ላይ ታስተምረን ነበር።

አንድ ጠዋት አባቴ ታክሲ ጠርቶ ይዟት ሄደ። ስትመለስ ሆዷ የለም፤ እጇም ባዶ ነው። መኝታ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከዚያ በኋላ "ነይ" የሚለኝ ጠፋ።

"ወንድሜስ?" አልኩት አባቴን።

የጫማውን ማሰሪያ ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሳይል፣ "ሐኪም ቤት ቀረ" አለኝ። ማሰሪያው ከተፈታም በኋላ ብዙ ቆየ እንደጎነበሰ።

ይህ መልስ ስላልጠቀመኝ ጎረቤታችንን ጠየቅኳት። ጎረቤታችን ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ እናቴ ከተኛች ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጣች ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ የሁላችንንም ልብስ ወስዳ እንደ ወረቀት አጣጥፋ ትመልሳለች። የጋለ ጨርቅ የሚሸት ቀሚሷ ውስጥ ወሽቃኝ፣ "የሰጠው ወሰደው፣ እናቴ። የሰጠ ይወስዳል፤ ምን ይደረጋል?" አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መጠየቅም አላስፈለገኝ። እኛ ቤት "ይሰጣል፣ ይወስዳል" ሲባል የምሰማው ስለ አንድ ብቻ ነበር፤ ስለ መንግሥት።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ወንድሜ ተቆርጧል።

እንግዲህ አጎቴን ላስተዋውቅ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ። የሚሠራበት ዳቦ ቤት አለቃ የለውም። ጋጋሪዎቹ ከሟቹ ባለቤት ልጆች ላይ ተባብረው ገዝተውት፣ በየሳምንቱ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው እየተመካከሩ ያስተዳድሩት ነበር። እሳት ማንደዱም ወለል መጥረጉም ተራ በተራ ነው። አጎቴ በዚያ ዳቦ ቤት የሆነው ነገር በዓለም ሁሉ ሊሆን ይችላል ብሎ ያምናል። ያለ አለቃ፣ ያለ ዘበኛ፣ ያለ መንግሥት፣ ሰው ከሰው እኩል ሆኖ። አናርኪስት ነኝ ይላል። እኔ አናርኪስት ማለት ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው ግን አባቴ ሲገባ ከወንበሩ ይነሣል፤ ስሙንም አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም፤ "ጋሼ" ነው የሚለው።

"በሥልጣን አላምንም ትላለህ፣ ግን ጋሼ ትለኛለህ" ይለዋል አባቴ።

"ጋሼ ሥልጣን አይደለማ! ማንም አላስገደደኝም። ደስ ካለኝ ነገ እተወዋለሁ።"

"ተወው እስቲ።"

"ደስ አላለኝም።"

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። አባቴ ሻይ ያፈላል። እኔ ጠረጴዛው ሥር እቀመጣለሁ። እናቴ ከበሩ ወዲያ ተኝታለች። በሩ ጠሞ ስለነበር ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፤ ሁልጊዜ የእጅ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ይቀራል። ስለ እሷ ማውራት ሁለቱም አልቻሉበትም። ስለዚህ ስለ ግብር ያወራሉ።

"ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ አጎቴ፣ እናቴ በተኛች በመጀመሪያዎቹ እሁዶች በአንዱ። "ዳቦ ቤታችን የመጣው ባልደረባህ ሊጡን አብሮን አቡክቷል?"

"አላቦካም።"

"እሳቱን አንድዷል?"

"አላነደደም።"

"ታዲያ ምን አግብቶት ነው የሚቆርጠው?"

"ዳቦውን የጫናችሁበት ጋሪ የሚሄድበትን መንገድ ማን ሠራው?"

"ድንጋይ ፈላጮች።"

"ድንጋይ ፈላጮቹን ማን ከፈላቸው?"

"መንግሥት። ከየት አምጥቶ? ከራሳቸው ጉያ መዝዞ! በገዛ ዱቄቴ ዳቦ ጋግሮ ይጋብዘኝና አመስግነኝ ይለኛል።"

አባቴ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። ሲያስብ እንደዚያ ያደርጋል። "ስማ፣ የሚወሰደው ለመውሰድ አይደለም፤ ሊመለስ ነው። ዛሬ ከአንዱ ይወሰዳል፣ ነገ ለሁሉም ይመለሳል። በመንገድ ይመለሳል። በትምህርት ቤት ይመለሳል። በሐኪም ቤት ይመለሳል።"

ጠረጴዛው ሥር ጆሮዬ ቆመ።

አጎቴ ሳቀ። "የተወሰደ ሲመለስ ዐይቼ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ይመለሳል።"

"አይመለስም።"

እነሱ የሚከራከሩት ስለ ዓለም ነው። እኔ የምሰማው ስለ ወንድሜ ነበር። ሐኪም ቤት ቀርቷል፤ የሚመለሰውም በሐኪም ቤት ነው፤ አባቴ አፍ አውጥቶ ተናግሯል። አባቴ ካሸነፈ ወንድሜ ይመጣል፤ አጎቴ ካሸነፈ ይቀራል። አጎቴን ከነዱቄቱ እወደው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን እሁድ በመጣ ቁጥር እንዲረታ እመኝ ነበር። ስኳሩን ወደ አባቴ ስኒ አስጠጋለሁ፤ ጥሩውን ወንበር ለአባቴ እይዝለታለሁ፤ አጎቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጉልበቱን እኮረኩረዋለሁ።

"ይቺ ባልንጀራዬ ዛሬ ምን ሆናለች?" ይላል። "ባልንጀራዬ" ነበር የሚለኝ።

በዚህ መካከል የአልጋው ነገር መጣ።

በዚያ እሁድ አጎቴ ተቆጥቶ ነበር የመጣው፤ የገበያው ሹም ተሽሮ ሌላ ተተክቷል፣ አዲሱም ከአሮጌው አልተሻለም። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ሳይቀመጥ ጀመረ። "አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል፣ እኛ እዚያው ነን! ጋሼ፣ እኔ ከሰውየው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአልጋው ጋር ነው። የተኛበትን እየለወጡ መኖር ምን ሊረባ? አልጋው ራሱ ይገልበጥ! ገልብጦ ለማገዶ!"

"ኧረ ቀስ!" አለ አባቴ፤ በአገጩም ወደ መኝታ ቤቱ አመለከተ።

ጆሮዬ የሰማውን ዐይኔ አረጋገጠው። እኛ ቤት ሰው የተኛበት አልጋ አንድ ብቻ ነው። ነገሥታት የሚቀመጡበትም አልጋ እንደሚባል የተማርኩት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ በክፍተቱ ሾለክኩና እናቴ አልጋ ሥር ገባሁ። አንዱን የአልጋ እግር በሁለት ክንዴ ጥምጥም አድርጌ ያዝኩ።

"ማነው?" አለች እናቴ ከላይ። ድምጿ የዛገ ነበር።

"እኔ ነኝ። አትፍሪ፣ ይዤዋለሁ።"

"ምኑን?"

"አልጋውን። አጎቴ ሊገለብጠው ነው። ለማገዶ።"

ከዚያ አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጡ ብዬ ዐይኔን ጨፍኜ የባሰ ተጣበቅኩበት። ማንም አልመጣም። የሚንቀጠቀጠው እናቴ እየሳቀች ነው።

አባቴና አጎቴ በሩ ላይ ቆሙ። ከአልጋው ሥር የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው፤ የአባቴ የተወለወለ፣ የአጎቴ ነጭ በነጭ። አንዱም አይንቀሳቀስም።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ሳልነሣ አልጋዬን ልትማግደው ነው አሉ" አለች እናቴ።

"እትዬ... እኔ እኮ..." አለ አጎቴ።

እሷ ግን ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጫማዎቹም ቆመው ቆመው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ባሰበት። ቀድሞ እሁድ ብቻ የነበረው ክርክር ወደ ሥራ ቀን ዘለቀ። አጎቴ ከእሳት ሳይበርድ፣ አባቴ ክራባቱን ሳይፈታ ይገጥማሉ። "ኧረ ቀስ" ይል የነበረው አባቴ ራሱ መጮኽ ጀመረ። ጥርቅም የማይለውን በር ጭራሽ ወለል አድርገው ከፍተውት እሳትና ጭድ ሆኑ። ጎረቤታችን አንድ ቀን ካውያዋን እንደያዘች እየሮጠች መጥታ፣ "ኧረ በገላጋይ! ምን ተፈጠረ?" ብትል፣ "ምንም፤ ስለ እኩልነት ነው" አላት አባቴ፣ ላቡን እየጠረገ። ራሷን እየነቀነቀች ተመለሰች። እኔ ፈራሁ። ሊለያዩ ነው፤ አጎቴ አይመጣም፤ ወይ አባቴ መቀሱን ያመጣዋል ብዬ ነበር።

ከፍርሃቴ ጋር ግን አንድ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ከመኝታ ቤት ድምፅ መምጣት ጀምሯል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አለ አባቴ አንድ ቀን። "ግብር ማለት ይኸው ነው። አለቀ።"

"በል እንግዲህ!" ብሎ ዘለለ አጎቴ። "ሎሚውን በግድ ያዝ የተባለ አለ? አልሸከምም ያለው ታስሯል? ተካፍለው የያዙት ተዋድደው ነው። ይህ የእኛ ተረት ነው፣ ጋሼ፤ እናንተ ሰርቃችሁን ነው!"

"ሃምሳውም ተዋድደው ሎሚው መንገድ ላይ ቢቀርስ?"

"ሁለታችሁም አልቆጠራችሁም" አለች እናቴ።

ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

"ሰው ሃምሳ፣ ሎሚ ሃምሳ" አለች ከበሩ ወዲያ። "ከሃምሳው አንዱ ታሞ ቢተኛ የእሱን ሎሚ ማን ይይዝለታል? በእኩል አካፈልን ብላችሁ ደረቱ ላይ ልታስቀምጡለት ነው?"

አባቴ ማንኪያውን አነሣ፤ ሳይመታው አስቀመጠው። "ለዚህ እኮ ነው፣ ያለው ይጨምር፣ የሌለው ይቅርለት የምንለው" አለ፤ ድምፁ ተሰባብሮ።

"እሺ። አንተ ከአሥር ስድስት። እሱ አምስት ተኩል።"

"ግማሿ ምን ሆና ነው፣ እትዬ?" ብሎ ጮኸ አጎቴ።

"ስለምትጮኽ።"

እናቴ እንዲህ ናት፤ ትምህርት ቤትም ለደከመው ተማሪ ታደላለች ይሏት ነበር። ቀስ በቀስ ገባን፤ ማንም ያሸነፈ እንደሆነ ዝም ትላለች፤ አንዱ ሊሸነፍ ሲል ግን አላስችል ብሏት ትናገርለታለች። አንድ ቀን አጎቴ ዘበኛ በሌለበት አገር ሌባን ምን እንደሚያደርጉት መልስ ሲያጣ፣ እሷ ተኝታ፣ "ጎረቤቴን ማን ዘበኛ ቆሞባት ነው ልጄን በየጠዋቱ የምታጥብልኝ?" ብላ አዳነችው። በማግሥቱ ደግሞ አባቴ ሲወድቅ፣ "የሐኪም ቤቷ አስታማሚ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ስትይዘኝ የማን ልጅ ነሽ አላለችኝም፤ ያቺን ሴት እዚያ ያቆማት የሁሉም እጅ ነው" ብላ አነሣችው። ይህን ስትል ድምጿ ወረደ። ሐኪም ቤቱን ስታነሣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

እኔ ለዚህ ለዚህ ልብ አልነበረኝም። የእኔ ልብ ማን ያሸንፋል ላይ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ዳቦ ግዢ ብላ ላከችኝ። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሰው ስለበዛ በጓሮው በር ገባሁ። ምድጃው ያጉረመርማል፤ የእርሾው ሽታ አፍንጫ ይኮረኩራል። ከማቡኪያው ጀርባ አባቴ ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጥቁር ሱሪው ነጭ ሆኗል። አጠገቡ አጎቴ አለ። ጭንቅላታቸውን ገጥመው ያንሾካሹካሉ።

"እንዲህ በል" ይላል አባቴ፣ "'ጅብ በጎችን ይጠብቅ ተብሎ በጎቹ ግብር ተጣለባቸው' በል።"

"ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ጎበዝ ነው! ምን ልትመልስ ነው ታዲያ?"

"ምንም። ዛሬ እኔ ልሸነፍ።"

አባቴን አሳመኑት! አጎቴ አባቴን አናርኪስት አድርጎታል፤ ዱቄቱም ይኸው ነክቶታል። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ይህን ያጫወትኩት ለአጎቴ ራሱ ነው፤ ጎልማሳ ሆኜ፣ እሱ ፀጉሩ ከዱቄቱ የማይለይበት ዘመን ላይ ደርሶ። ሥራውን አቁሞ ፊቴን አየኝ። "ያን ጊዜ መጥተሽ ነበር?" አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የማላውቀውን ነገረኝ። በአልጋው ዕለት፣ እናቴ ስትስቅ የሰሙ ጊዜ፣ አባቴ ውጭ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። "እንደገና አናስቃት" አለው አጎቴ። "ማሳቅ አንችልበትም፤ መከራከር ግን እንችልበታለን" አለ አባቴ። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ዳቦ ቤቱ ጓሮ እየተገናኙ የሚሉትን ይመካከሩ ነበር። አንዱ መልስ ሲያልቅበት ሌላው ያበድረዋል። አባቴ ለአናርኪስቱ፣ አጎቴ ለመንግሥት ነገር ይፈልጋሉ። እናቴ ለሚሸነፈው እንደምታዝን ካወቁ በኋላ ደግሞ ሽንፈቱን በተራ አደረጉት። "በዚያ ቀን" አለኝ አጎቴ፣ "ጋሼ እንደማያውቅ ሆኖ ይረታ ተባባልን። መጨረሻ ድረስ፤ መነሣት የሌለበት ሽንፈት። እሷ ከአልጋዋ እንድትነሣ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነው እንግዲህ ይህ ነው።

ጠረጴዛው ሥር አልገባሁም፤ ከአባቴ ወንበር አጠገብ ቆሜአለሁ። አጎቴ ገና ከመቀመጡ ጅቡን አመጣው። "ጅብ በጎችን ይጠብቅ ተብሎ፣ ለዚያው ለጅቡ በጎቹ ግብር ተጣለባቸው! ምን ተመለሰላቸው፣ ጋሼ? እስቲ የተመለሰ ንገረኝ!"

አባቴ ማንኪያውን አልነካም። ትከሻው ወረደ። ዐይኑ ግን አጎቴ ላይ አልነበረም፤ በአጎቴ ትከሻ ላይ አልፎ ክፍቱን በር ያያል። አጎቴም ዞሮ በሩን ያያል።

"ልክ ነህ" አለ አባቴ ከፍ ባለ ድምፅ። "ተሸንፌአለሁ። የተወሰደ አይመለስም።"

ከመኝታ ቤት መልስ አልመጣም። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አባቴ ጠበቀ፤ ደግሞም፣ "አይመለስም" አለ።

"በሐኪም ቤትም?" አልኩት።

"ምን አልሽ፣ ልጄ?"

"በሐኪም ቤትም አይመለስም?"

"ምኑ?"

"ወንድሜ።"

የአባቴን እጅጌ ያዝኩ። "አንተ ነህ ያልከው! የሚወሰደው ሊመለስ ነው ብለሃል! በሐኪም ቤት ይመለሳል ብለሃል! መንግሥት ወስዶት የለ? አባዬ፣ አትሸነፍ። አንድ ነገር በል። አባዬ፣ አትሸነፍ!"

አጎቴ ሊይዘኝ ተነሥቶ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። እኔ መጮኼን ቀጠልኩ፤ ያ ሁሉ እሁድ በጉሮሮዬ ወጣ።

ያኔ ባዶ እግር ወለሉ ላይ ሲራመድ ተሰማ።

እናቴ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ መጣች። ከስታ ነበር፤ ፀጉሯ ባንድ በኩል ተጨፍልቋል። ወንበር የሳበላትን አጎቴን አላየችውም። መጥታ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ሁለቱን እጆቼን ያዘች።

"ስሚኝ" አለችኝ። "ወንድምሽን ማንም አልወሰደውም። መንግሥትም አልወሰደው፣ አባትሽም አልቆረጠው። ሞተ።"

"መቼ?"

"ሳይወለድ። ልቡ ቆመ። ሐኪሟ አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠች፤ እኔም አዳመጥኩ። የለም።"

"አይመለስም?"

"አይመለስም።"

"አባዬ ቢያሸንፍም?"

"አባትሽ ቢያሸንፍም፣ እናቴ።"

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ ከሐኪም ቤት ከመጣች ጀምሮ አልቅሳ እንደማታውቅ አባቴ በኋላ ነግሮኛል። ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ ብዙ ቆየን። ሻዩ ቀዘቀዘ። አባቴ ወንበሩን ትቶ እሱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አጎቴም ተከተለው። እዚያ ቤት ሁላችንም እኩል ከፍታ ላይ ተቀምጠን የዋልንበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል።

"ወንድ ነበር?" አልኳት ቆይቼ።

"ወንድ ነበር። ልክ እንዳልሽው።"

ከዚያ በራሴ ላይ አሻግራ ሁለቱን አየቻቸው። "ይህን ሁሉ ጊዜ ለልጅቷ የነገራት የለም?"

ሁለቱም አቀረቀሩ።

"ዜሮ" አለች። "ሁለታችሁም። እኔም።"

"የት ነው ያለው ግን?" አልኳት እኔ፣ በእጇ ዐይኔን ስትጠርግልኝ።

እሷም አታውቀውም ነበር። ሲቀበር አልነበረችም። አባቴን አየችው። "ትወስደናለህ" አለችው፤ ጥያቄ አልነበረም።

የሄድነው እናቴ እግሯ ትንሽ ሲጠና ነው። መቃብር ቦታው ከከተማው ጫፍ ነበር፤ በግንብ የታጠረ፣ የብረት በር ያለው። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል። አባቴ ሰላም ሲለው ከተማው ቀጥሮት ብዙ ዓመት እንደሠራ ነገረን። አጎቴ፣ "ሙታን ከማን ሊጠበቁ ነው?" አለ ሳያስበው። "ከብት እንዳይገባባቸው" አለ አባቴ፣ እሱም ሳያስበው። ወዲያው ሁለቱም እናቴን ዐይተው ዝም አሉ። ጥሩ ሰዓት አልነበረም።

የሕፃናቱ መቃብር ከኋላ ነው። አባቴ ሳይፈልግ፣ ሳይሳሳት፣ አንዲት ትንሽ ከፍታ አጠገብ ወሰደን። ዙሪያዋን ክብ ክብ ድንጋይ ተደርድሮላታል፤ ድንጋዮቹ እንደ እንቁላል በልክ የተመረጡ ናቸው። ራስጌዋ ላይ ቅጠለ ወፍራም ተክል ተተክሏል፤ ሥሩ በቅርብ ውኃ ጠጥቷል። አረም የሚባል የለባትም።

እናቴ ዙሪያዋን ዞረች። "ይህን ማን ሠራው?"

"ወንድምሽ ነው" አለ አባቴ።

"ኧረ ጋሼ ነው" አለ አጎቴ።

ተያዩ። አባቴ ድንጋዩን እንጂ ተክሉን አላመጣም። አጎቴ ተክሉን እንጂ ድንጋዩን አልደረደረም። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ሌላው በሌለበት ቀን ይመጣ ነበር፤ ሲመጣም ያላደረገውን ተደርጎ ያገኛል። ያን ሁሉ ወራት እያንዳንዷን ቃል ሲመካከሩ፣ ይህችን ብቻ አልተነጋገሩባትም።

እናቴ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ወደ ጎኗ ሳበችኝ። አንዱን ድንጋይ በመዳፏ ሸፈነችው። ነፋስ ከግንቡ ወዲያ የገበያ ድምፅ ይዞ መጣ፤ ጋሪ፣ ውሻ፣ የሚጠራ ሰው። ሁለቱ ወንዶች እጃቸውን አጣምረው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆመዋል።

"በሩ ላይ ምን እያላችሁ ነበር?" አለች ቀና ሳትል።

"ምንም፣ እትዬ። እንዲያው ነው።"

"እንዲያው አይደለም። ቀጥሉ።"

"እዚህ?" አለ አባቴ።

"እዚህ። ይስማችሁ።"

አባቴ አጎቴን አየው። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ።

"እሺ ጋሼ" አለ በቀስታ፣ ሕፃን እንዳይነቃበት እንደሚጠነቀቅ ሰው፤ "ይህን ግንብ ማን ሠራው ልትለኝ ነው?"